ጠብቂኝ ያልኳት እናት

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት ሜትር ይዤ ነው። ሐይቅ ከተማ ገበያው መውጫ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ወገብ መለካት እንጀራዬ ነው። አረፋ እየደረሰ ስለነበር የልጄን የሰሚራን ቀሚስ ልለካ ተንበረከክሁ። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። እጅና እግሯ ቀጭን ነው፤ ሆዷ ግን በግራ በኩል ወጣ ብሏል። «አንቺ ልጅ፣ የእናትሽን ድርሻም አንቺ ነሽ እንዴ የምትበዪው?» ብዬ ቀለድሁባትና ወገቡን አስፍቼ ቆረጥሁት። ዓመቱ ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ደስ ያለው ዓመት ነበር፤ አንዱ ባንዲራ ያሰፋኛል፣ ሌላው ቲሸርት፤ ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ይህን የምነግራችሁ ማመካኛ እንዲሆነኝ አይደለም። ልጃችሁ እየከሳች ሆዷ ብቻ ካደገ ልብሱን አታስፉላት፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ባለቤቴ ዘሀራ እኔ ያለፍሁትን አላለፈችውም። ሰሚራን ስታጥባት ጠንካራ ነገር እጇ ላይ መጣ። አክስቷ «ወጌሻ ትሻት፣ የሆድ መጣመም ነው» አለች። ዘሀራ እምቢ አለችና በማግስቱ ደሴ ወሰደቻት። እዚያ በአልትራሳውንድ አይተው ወደ አዲስ አበባ ላኩን። አዲስ አበባ ሲቲ ስካን ተነሣች፣ ናሙና ተወሰደ፤ ከዚያ አንዲት ወጣት ዶክተር አስቀምጣ ነገረችን።

«ዕጢው የግራ ኩላሊቷ ላይ ነው። ዊልምስ ቱሞር ይባላል። ካንሰር ነው። ግን ከልጆች ካንሰር በደንብ ከሚታከሙት አንዱ ነው፤ ካላቋረጣችሁ።»

እኔ የሰማሁት «ካንሰር ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ዘሀራ «ካላቋረጣችሁ» የሚለውን ሰማች።

ኬሞቴራፒ ተጀመረ። ፀጉሯ ወለቀ። አፏ ቆሰለ። ውኃ አቃጠላት። ነጭ የደም ሴሏ ወረደና አንድ ዙር ተዘለለ። ትኩሳት መጣ። ሄደ። ደግሞ መጣ። አጠገቧ የተኛው ልጅ አንድ ቀን ወደ ሌላ ክፍል ተወሰደና አልተመለሰም። አልጋው ሲነጠፍ እያየሁ «አልሐምዱሊላህ፣ የኔ አይደለችም» አልሁ። እናቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰማችኝ አይመስለኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሰምታኝ ይሆን እያልሁ አፍራለሁ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ጥቂት ቀን ወደ ሐይቅ ተመልሰን ነበር። ዶክተሯ «ሆዷን ማንም እንዳይጫነው፣ ዕጢው ሊፈነዳ ይችላል» ብላናለች። የእኛ አገር ጠያቂ ደግሞ እጁን ሳይዘረጋ አይቀመጥም። ስኳሩን ያስቀምጥና «እስቲ ልየው፣ የቱ ጋ ነው?» ይላል። በር ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥሁ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ እጃቸውን ያዝሁባቸው። ባለጌ ተባልሁ። በዚህ አንዱ ብቻ ነው የማልጸጸተው።

ኩላሊቷን ከነዕጢው አወጡት። በሌላው ኩላሊት ሰው ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል አሉን፤ እውነትም እየኖረች ነው። ቀሪው ኬሞቴራፒ ሲሰጣት በወላጆች ማረፊያው ተቀምጬ ሥራ መፍታት ስላልቻልሁ፣ ከመርካቶ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምሁ ፀጉራቸው ለወለቀ ልጆች ሁሉ ቆብ መስፋት ጀመርሁ፤ ሰሚራም የቆቡን ቀለም የምትመርጥ ሹም ሆነችና ማንን ምን እንደማለብስ ከአልጋዋ ላይ ሆና ታዝዘኝ ነበር። ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች፣ ቅንድቧ ተመለሰ፣ ከእኔ ጋር መጣላት ጀመረች፤ ልጅ ሲድን መጀመሪያ የሚመለሰው ጠቡ ነው። አንድ ቀን ዶክተሯ ፊልሙን አይታ «ከእንግዲህ ለክትትል ብቻ ኑ» አለችን። ዘሀራ መሬት ላይ ሱጁድ ወረደች። እኔ ደግማ እንድትነግረኝ ለመንኋት።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ ደሴ ላይ ካንሰር የያዛቸውን ልጆች የሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር የቦርዱ አባል እንድሆን ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ለሰው ሱፍ ስሰፋ ኖሬ ለስብሰባ የምለብሰው ሱፍ አልነበረኝም። የፈለጉኝ ግን ለስብሰባ አልነበረም። ከሐይቅ እስከ አምባሰል ባሉ ቀበሌዎች ሕክምና ጀምረው የሚያቋርጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እነሱን እየዞረ የሚያግባባ ሰው ያስፈልጋል። ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ «አንተ የዳነች ልጅ አባት ነህ፤ እኛን የማይሰማ አንተን ይሰማል» አለችኝ። ደመወዝ የለውም። ከስንት ልጅ መካከል የኔ ልጅ ለምን እንደተረፈች ስላልገባኝ፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው ወዲያው እሺ አልሁ።

ሰዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ካላወቃችሁ ትፈርዳላችሁ፤ እኔም እፈርድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሁለት ሦስት ዙር መድኃኒት ሲወስድ ዕጢው ያንሳል። ሆዱ ይመለሳል። እናቱ ተስላ ነበርና ስለቷን ታስገባለች። እስላሙ ሰደቃ ያርዳል፣ ክርስቲያኑ ለታቦት ይሰጣል፤ ጎረቤት ሁሉ ምስክር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል መመለስ ማለት፣ በሰው ፊት ተቀበልሁ ያሉትን አልተቀበልሁም እንደማለት ነው። ማን ይደፍራል?

የሺ ያደረገችው ይህንን ነው። ከግሸን ግርጌ፣ አምባሰል ውስጥ ነው ቤቷ። ባሏ ሳዑዲ ነው፤ ከአማቷ ከአባባ ይመር ጋር ትኖራለች። ልጇ ሞላ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ በሽታው የሰሚራ በሽታ ነው፣ ጎኑ እንኳ ያው ግራ። ሆዱ ሲጎድል ለአስተርእዮ ማርያም ግሸን ወጥታ የተሳለችውን ጥላ አስገባች፤ ካህኑ ልጁን ለሕዝቡ አሳዩት፣ እልል ተባለ። ለቀዶ ጥገናው ቀጠሮ አልሄደችም።

ሰሚራን ይዤ ሄድሁ። ሁልጊዜም ይዣት ነበር የምሄደው። ቀሚሷን ከፍ አድርጋ የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ ታሳያለች፤ እናቶቹ ይነኩታል፤ እኔም «ይኸው» እላለሁ። የሺ ጠባሳውን ደጋግማ እየነካች አየችው።

«ማርያም ማረችልኝ ብያለሁ፣ ጋሽ እንድሪስ» አለች። «አሁን ሐኪም ቤት ብወስደው አልማረችውም ማለቴ አይደል? በምን ዓይኔ ግሸን እወጣለሁ?»

«እናቴ እስላም ሆና ለሰሚራ ብላ ለግሸን ጧፍ ተስላለች» አልኋት። «ያስገባችው ግን ሐኪሟ ጨረሳችሁ ያለችን ቀን ነው። አንቺ ስለትሽን አላጠፋሽም፣ የሺዬ። ቸኮልሽ እንጂ።»

አማቷ አባባ ይመር ጣልቃ ገቡ። «ባሏ አገር የለም» አሉ። «ሴት ልጅ ብቻዋን ደሴ፣ አዲስ አበባ ስትንከራተት እኔ ምን እባላለሁ?»

ያን ጊዜ አፌ ቀደመኝ። «እኔ ነኝ የምወስዳቸው። ልጁን ኸደጅዎ ተቀብዬ ኸደጅዎ እመልሳለሁ» አልሁ። አባባ ይመር እጄን ያዙ። «አደራ» አሉ። «አደራ» አልሁ። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተባለ በኋላ ተጨማሪ ወሬ የለም። የሺ ሻንጣዋን አዘጋጀች።

ቃሌን ጠበቅሁ፤ ለጊዜው። ሞላ አዲስ አበባ ቀዶ ጥገናው ተሠራለት፣ ከዚያ ቀሪውን መድኃኒት፣ ቪንክሪስቲኑንና ሌሎቹን፣ ደሴ እንዲወስድ ተደረገ። በየቀጠሮው ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ደጃቸው እደርሳለሁ፤ ሞላ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ይቆማል፤ አባባ ይመር ይመርቁናል። ሰው ሲያየኝ «የልጆቹ አባት» ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም የሺ አንድ ጊዜ «መንገዱን ለምጄዋለሁ፣ ብቻዬን ልሂድ ይሆን?» ስትለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ «አደራውስ?» አልኋት። ዳግመኛ አላነሣችውም።

ክረምቱ ሲወጣ ጦርነቱ ከወልድያ ወዲህ መጣ። ሐይቅ በተፈናቃይ ሞላች። የሞላ ቀጠሮ ደርሶ ነበር፤ ሊጨርስ ጥቂት ዙር ነው የቀረው። የሺ በቀጠሮው ዋዜማ ደወለች።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ እየወጣ ነው። መኪና አለ። ኸሰው ጋር ልውጣ?»

ዙሪያዬን ሰው እየጮኸ ነበር። አደራውን አሰብሁ። አባባ ይመርን አሰብሁ። እውነቱን ልናገር፣ ራሴንም አሰብሁ፤ ያለ እኔ ብትሄድ እኔ ምንድን ነኝ?

«ጠብቂኝ» አልኋት። «ጠዋት እመጣለሁ። ሳልመጣ እንዳትነቃነቂ።»

«እሺ» አለች።

ጠዋት ከባድ መሣሪያ ይሰማ ነበር። ሚኒባሱ ወደ ሰሜን፣ ወደ አምባሰል፣ አልሄድም አለ። ዘሀራ ሰሚራን አዝላ መንገድ ዳር ቆማለች። አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ሰው ተሻማበት። ዘሀራ ወጣች። እጇን ዘረጋችልኝ። ወጣሁ።

ደሴ ስንደርስ ደወልሁ። ኔትወርክ የለም። ኮምቦልቻም የለም። ከዚያ ወዲያ ለወራት የለም።

በእነዚያ ወራት አዲስ አበባ የዘሀራ ወንድም ቤት ነበርን። ሰሚራ ለክትትል ቀረበች፤ ፊልሙ ንጹሕ ነው ተባልን።  የዳነችው ልጄ መኪና አገኘች። መድኃኒት የቀረው ልጅ ቁጭ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ለቦርዱ ሰዎች ነገርሁ። ለቀይ መስቀል፣ ለሚያውቁት ሁሉ ደወሉ፤ መግቢያ አልነበረም። «በአንተ አይደለም፣ በጦርነቱ ነው» አሉኝ። ሁሉም ይህን ይለኛል። ጦርነቱን ያመጣሁት እኔ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። ቀኑን ያሳለፍሁት ግን እኔ ነኝ።

መንገዱ ሲከፈት ሐይቅ ገባሁ። ሱቄ ተሰብሮ የስፌት መኪናዬ ተወስዷል። ቆሜ አላየሁትም። ቀጥታ አምባሰል ሄድሁ።

ሞላ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል። ሲያየኝ ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነ።

«ጫማዬን አድርጌ ነበር እኮ» አለኝ።

የሺ የሆነውን በእርጋታ ነገረችኝ። ጠዋት መንገዱ ዳር ወጥተው ነበር። ጎረቤቶቿ ከሚኒባስ ላይ ሆነው «ውጪ» አሏት። «ሰው ይመጣልኛል» አለቻቸው። ሌላም መኪና ቆመላት። «ሰው ይመጣልኛል።» ከዚያ መኪናው ሁሉ አለቀ። አንድም የወቀሳ ቃል አልጨመረችበትም። አባባ ይመር እንደ ወትሮው እጄን ጨበጡ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

አዲስ አበባ ወሰድሁት። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሳንባው ላይ ነበር። ያቺው ዶክተር ናት ያየችው።

«በሽታው ተመልሷል» አለች። «በሌላ መድኃኒት እንሞክራለን።»

የሺ እስክትወጣ ጠብቄ ዶክተሯን ጠየቅኋት። መድኃኒቱ በመቋረጡ ነው ወይ?

«ነው ማለት አልችልም» አለችኝ። «አይደለም ማለትም አልችልም።»

ሞከሩ። ሞላ ታገለ። አልሆነም። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ አረፈ። አስከሬኑን ይዘን አምባሰል ገባን። ከደጅ ተቀብዬ ወደ ደጅ መለስሁት። ለቅሶው ላይ ሰሚራን አልወሰድኋትም። የሺ ዐሥር ጊዜ የነካችውን ጠባሳ ይዤ እንዴት እገባለሁ? ከዚያ በኋላም ገበያ ላይ የሺን ከሩቅ ካየሁ ልጄን ይዤ እታጠፍ ነበር። በልጄ በሕይወት መኖር ማፈር ጀመርሁ። እንዲህ ያለ ስሜት ያለበት ወላጅ ይህን የሚያነብ ካለ፣ ብቻህን አይደለህም፤ ብቻሽን አይደለሽም።

ከአርባው በኋላ ወደ የሺ ቤት ሄድሁ። ቦርዱን ልለቅ ነበር፤ አስቀድሜ ለእሷ መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ።

«ጠብቂኝ ያልሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት። «ያን ቀን ውጪ ብልሽ ኖሮ መድኃኒቱ አይቋረጥበትም ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም። ሥራውን ትቼዋለሁ።»

ስንዴ እየለቀመች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«ያሉኝን አልረሳሁትም» አለች። «እርስዎም አይርሱት። ግን ቤትዎ ቁጭ ብለው አይደለም የማይረሱት። ማን ይዞርላቸዋል?»

«ማን ይሰማኛል ከዚህ በኋላ?»

«ኸኔ ጋር ይሰሙዎታል። አብሬ እሄዳለሁ።» ቀጥላም «ሰሚራን ለምን ይደብቁብኛል?» አለች። «እሷ ምን አደረገችኝ?»

ይቅር አልኩዎት አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

አብረን የሄድንበት የመጀመሪያው ቤት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። መዲና የምትባል እናት ናት። መድኃኒቱ ሲጀመር የልጇ ዕጢ አንሶላት፣ በግ ታርዶ፣ ሰደቃ በልተን መርቀናል ተብሎ፣ ሕክምናው ቆሟል። በመንገድ ላይ ሰሚራ «አባ፣ ዛሬም ማሳየት አለብኝ?» አለችኝ። ስምንት ዓመት ሆኗታል። በሰው ቤት ሁሉ ቀሚስ ሳስነሣት ኖሬ አንድ ቀን ፈልጋ እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። «የለብሽም» አልኋት። ከዚያ ወዲህ አላሳየችም።

መዲና እኔን አዳምጣ ወደ የሺ ዞረች። «ያንቺም ልጅ እንደሷ ድኖልሽ ነው?»

«የኔ ሞቷል» አለች የሺ።

መዲና ደነገጠች። «ያረቢ፤ ታዲያ ምን ልትነግሪኝ መጣሽ?»

«ያንቺ እንዳይሞት ነዋ» አለች የሺ። «እኔ መጀመሪያ ስለቴን ቸኩዬ አስገባሁ። ከዚያ ጦርነት መጣና መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒቱ ተቋረጠ።»

በዚህ አበቃች። ስሜን አላነሣችም። ልታልፈኝ ፈቅዳ ነበር፤ እኔም ባልፍ ማንም አያውቅብኝም።

«መንገዱ ሳይዘጋ መኪና ነበረ» አልሁ። «እኔን ጠብቂ ብያት ነው የቀረችው።»

የሺ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ወደ መዲና ዞረች። መዲና የሁለታችንንም ፊት አየች። ከዚያ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እንደ ልማዴ እመጣለሁ አልኋት፤ ግን ጨመርሁበት። «ብዘገይ አትጠብቂኝ። ብደርስም ባልደርስም መኪና ካገኘሽ ሂጂ። አደራ የሚባለው ልጅሽ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ገና የታመመባቸው እንዲያነቡት ነው። ዘሀራን አመሰግናለሁ፤ የቀለድሁበትን ሆድ ከቁም ነገር ቆጥራዋለች። ዶክተሯን አመሰግናለሁ፤ ሲጠይቋት አትዋሽም። የሺን ግን ማመስገን እንኳ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። የዕጢው ማነስ መዳን አይደለም። ስለታችሁን ያዙት፤ ሐኪሙ ጨርሳችኋል ሲል ታስገባላችሁ፤ ለዚያ የሚቀየም የለም። ሆዱን ማንም እንዳይጫነው፤ ባለጌ ብትባሉም። የሚረዳችሁ ሰው ካገኛችሁ ተቀበሉት፣ መንገዱን ግን ራሳችሁ እወቁት።

በቀጠሮው ጠዋት የሺና እኔ አርዲቦ ስንደርስ የመዲና በር ተቆልፏል። ሐሳቧን ቀየረች ብዬ አሰብሁ። ጎረቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች።

«በመጀመሪያው መኪና ወጣች» አለች። «አንቱን አልጠበቀችም። ቅር እንዳይላቸው ንገሪልኝ ብላኛለች።»

እዚያው ከበሩ ሥር ተቀመጥሁና አለቀስሁ። የሺ አጠገቤ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እናንተም እንደ መዲና አድርጉ። እኛን አትጠብቁን፤ ቅር አይለንም።